ጥቆማ፦ የእንጨት ቶርኖ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የመሮና የሞረድ እጀታ፣ ከተቻለም የእንጨት መዶሻ በራሴ እጅ መሥራት እፈልጋለሁ። የገበያው እጀታ ትንሽ ሲመታ ይሰነጠቃል። ከጓሯችን የተቆረጠ ወይራ አለኝ። ሒሳብ ተቀብሎ ቶርኖው (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያስቀርጸው ማሽን) ላይ ራሴ እንድሠራ የሚፈቅድ ቤት ጠቁሙኝ። ደሴ ቢሆን ይሻለኛል፣ ኮምቦልቻም እወርዳለሁ።

ሸዋ በር፦
ደሴ ሰኞ ገበያ በታች ያለው ቤት፣ ዓይንህን ጨፍነህ ሂድ! የአባቴን አልጋ እግር የቀረጹት እነሱ ናቸው። እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

የሆጤዋ፦
የጠየቀው እኮ ራሱ መሥራት ነው።

ቦርከና ዳር፦
እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ኮምቦልቻ ነው። ወይራ አስረክቤ እጀታውን ልወስድ ስመለስ ባህር ዛፍ! በቫርኒሽ አጥቁረውታል። "ያንተ ውስጡ በስብሶ ነበር" አሉኝ። የበሰበሰውን ስጡኝ ብል ሰጋቱራ ሆኗል!

ጉርባ፦
አይ ወንድሜ፣ ወይራህ የማን ቤት የወተት ዕቃ እንደታጠነበት አላህ ይወቀው።

የሆጤዋ፦
😂 እኔም ለቁም ሳጥን የዋንዛ ከፍዬ የመጣልኝ...

ሸዋ በር፦
ሰኞ ገበያ ያሉት እንዲህ አያደርጉም!

ቦርከና ዳር፦
እነሱን ማን ከሰሰ?

አናጺው፦
ልጁን ረሳችሁት እኮ። ስማኝ፣ የብረት ቶርኖ ቤት ሄደህ አትልፋ። ሰጋቱራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ማሽኑን ስለሚበላው እንጨት አያስጠጉህም። የአልጋና የደረጃ መደገፊያ እግር የሚቀርጹትን ጠይቅ፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት። ደሴም ኮምቦልቻም አሉ።
እጀታውን መጀመሪያ ብሳው፣ ቀጥሎ ቀዳዳውን ሴንተሩ (እንጨቱን ጫፉ ላይ የሚይዘው የማሽኑ ሹል) ላይ አስገብተህ ቅረጽ። ያኔ መሮው ልክ መሃሉን ይይዛል። ቀርጸህ ስትበሳ ነው የሚጣመመው። ከግንዱ ልብ አትውሰድ፣ እሱ ይሰነጠቃል። ጫፉን ከውሃ ቱቦ የተቆረጠ ቀለበት አልብሰው። ክብ እስኪሆን በዝግታ፣ ከዚያ ፍጥነት ጨምር። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ ማሽኑ ላይ ያለውን የመሮ መደገፊያ አንሳ፣ ጣት ይቀረቅራል። ጓንት አታድርግ፣ እጅጌህን ሰብስብ። መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት ይበቃል። የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ እንዳትጥል፣ በራሱ እሳት ይነሳል።

ጉርባ፦
ይሄን ሁሉ ከምትለፋ በ220 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ማሽን ግዛ። መብራት የሚኖር ቀን ትሠራለህ 😏

የጦሳ ልጅ፦
አናጺው፣ እጅህ ይባረክ። ወይራው ከተቆረጠ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ወፍራም ነው ግን። ደርቋል ማለት ይቻላል?

አናጺው፦
2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በጥላ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ወይራ ጥቅጥቅ ነው፣ ከዚያም ይቆያል። ለእጀታው በሚሆን መጠን ሰንጥቀህ ጫፍ ጫፉን ሰም ቀባና አስቀምጠው። በደሴ ብርድ ደረቀ ብለህ ያጠበቅከው ቀለበት ኮምቦልቻ ሲወርድ ይላላል።

ቦርከና ዳር፦
ስትሄድ ወይራህ ላይ ምልክት አድርግበት። ፎቶም አንሳው።

ሸዋ በር፦
ሰኞ ገበያ ምልክት አያስፈልግም!!

የሐረጎዋ፦
ይቅርታ፣ የረከቦት እግር የሚቀርጽስ ማን አለ? ዋጋውንም ብትነግሩኝ።