የጌሙ ሠሪዎች እንዲሰሙን ምን ብለን እንጻፍ?

ምሽግ_ሰሪ፦

ሰላም ጌመሮች። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

43 ሆነን አንድ የስልክ ስትራቴጂ ጌም እንጫወታለን። ስሙን አልጠራም፤ ጠላቶቻችን እዚህ ቤት እንዳሉ አውቃለሁ። ከተማ ትገነባለህ፣ እህልና ድንጋይ ትለቅማለህ፣ ጦር ታሠለጥናለህ፣ ሐሙስ ሐሙስ ኅብረት ከኅብረት ይገጥማል። ግማሾቻችን አዲስ አበባ ነን፣ የተወሰኑት ዱባይ፣ አምስቱ ዲሲ አካባቢ። መሪ የሆንኩት ከሁሉም በልጬ አይደለም። ሥራዬ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የቀኑ ሽልማት ሲታደስ ነቅቶ የሚገኘው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ሦስት ነገር አንገብግቦናል።

አንደኛው ስም ነው። ኅብረታችንን «የአድዋ አንበሶች» ልንል ነበር። ስም ማውጣት 500 ወርቅ ነው፤ አዋጥተን ከፈልን፣ ጻፍን፣ ሲወጣ «የአድዋ» ብቻ። የአድዋ ምን? ካርታው ላይ እንዲሁ «የአድዋ» እየተባልን ስድስት ወር ሞላን። አንድ የቱርክ ኅብረት መሪ ትርጉሙን ቢጠይቀኝ «ገና አላለቀም» አልኩት።

ሁለተኛው ሰዓት። ጦርነቱ በጌሙ ሰዓት 18:00 ላይ ይጀምራል፤ ለእኛ ማታ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ ልክ ሥራ የምረከብበት። መጀመሪያ ሰሞን ግሩፑ ላይ «3 ሰዓት እንዳትቀሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ የዲሲዎቹ በፈረንጅ 3 ሰዓት አድርገውት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ገቡ። ተሸነፍን። እሱ እንኳን የእኔ ጥፋት ነው።

ሦስተኛው ካለፈው አፕዴት ወዲህ የግንብ ድንጋይ በእጥፍ ተወደደ። ከፍለህ ካልገዛህ በቀር ሁለት ሳምንት ለቅመህ አንድ ደረጃ ነው የምታሳድገው።

ልጆቹ ተናደዋል። ያሰብነው፦ እሑድ ማታ 43ታችንም አንድ አንድ ኮከብ እንሰጣለን፣ የምንችለውን እንጽፋለን። ቶታል ዋር በሚባለው የኮምፒውተር ጦርነት ጌም ላይ ሠርቷል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ይሠራል? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?


ከዳር_ተመልካች፦

ቶታል ዋርን ከጠራህ ዝም አልልም። ከተከታታዮቹ ሮም 2ን እስከ ዛሬ የምጫወት ሰው ነኝ። ያን ግርግር ግን ምንም ሳልገዛ ከዳር ሆኜ ነው የተከታተልኩት፤ ዶላር ከየት መጥቶ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ኦገስት 2023 ላይ ሠሪው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ ለሌላው ቶታል ዋር፣ ለዋርሃመር 3፣ «ሻዶውስ ኦፍ ቼንጅ» የሚባል ተጨማሪ ይዘት በ25 ዶላር ገደማ አወጣ። ተጫዋቾቹ ከበፊቶቹ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት፦ ያኔ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ጦር ይሰጠን ነበር፣ አሁን ይህን ብቻ። ኩባንያው ወጪ ጨምሯል ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ እሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። ኦክቶበር ላይ አዲሱ ቶታል ዋር «ፋሮ» ሲወጣ ደግሞ በ60 ዶላር የሚገዛው አነሰ።

ዲሴምበር ላይ ይቅርታ ጠየቁ። የፋሮን ዋጋ ወደ 40 አወረዱ፣ ቀድመው ለገዙት ልዩነቱን መለሱ፣ ለሻዶውስ ኦፍ ቼንጅ የጎደለውን በ2024 መጀመሪያ በነፃ ጨመሩበት። በጁላይ 2024 ፋሮ ራሱ «ዳይናስቲስ» የሚባል ትልቅ አፕዴት በነፃ አገኘ።

ስለዚህ አዎ፣ ሠርቷል። ነገር ግን ሁለት ነገር አትርሳ። በዚያው መከር «ሃይናስ» የሚሉትን ሌላ ጌማቸውን ባለቤታቸው ሴጋ ሳይወጣ ሰርዞባቸው ነበር፤ ቤቱ ከውስጥም እየተናጋ ነበር። ሌላው፣ እነዚያ ተጫዋቾች የያዙት ካርድ ገንዘብ ነው። የማይገዛው ሰው ቀድሞ ይገዛ የነበረ ነው። ከ43ታችሁ ስንቱ አንድ ብር ከፍሏል?


ምሽግ_ሰሪ፦

ወርቁን ጨምሮ? ዘጠኝ ሰው። አብዛኛውን የዱባይ ልጆች ናቸው የሚከፍሉት።


ዴይራ_ላይ_ነኝ፦

ከዘጠኙ አንዷ እኔ ነኝ። አለቃ፣ እዚህ ጽፈህ ነው የማየው እንዴ? 😂

እኔ ስለ ሰዓቱ አልፈርምም። 18:00 ማለት ለእኔ ማታ 4 ሰዓት ነው፤ ማዳሞቹ እራት በልተው፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን የማወልቅበት። ለዲሲዎቹ ቀን 8 ሰዓት ነው፣ ሥራ ላይ ናቸው፣ ገባኝ። አንተም ተረኛ ነህ። ግን የምትጠይቁት ሰዓት የእናንተ እንጂ የሁላችን አይደለም። ወደ 2 ሰዓት ይምጣ ብትሉ እኔ ሐሙስ የለሁም ማለት ነው፤ አምስት ሺህ ቀስተኛ ይዤ ነው የምቀረው።

አንድ ኮከቡም አይጥመኝም። ስድስት ወር ከፍዬ የሠራሁትን ከተማ በገዛ እጄ ላጠቁረው? ስሙ ግን ያበሽቀኛል። ስለ ስሙ ስጠኝ፣ ሁለት ጊዜ እፈርማለሁ።


ባግ_ለቃሚ፦

ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው፤ ማለት የሰው ቅሬታ ተቀብሎ «ይህ እውነት ነው፣ ይህ ነገር አልገባኝም» እያሉ መለየት። በቀን ብዙ እሳት የለበሰ ጽሑፍ አነባለሁ። «ሌቦች፣ አጥፊዎች» የሚለውን ለማንም አላሳልፍም፤ ምን አድርግ ብዬ? «ይህን ስጫን ይህ ሆነ፣ ይህ መሆን ነበረበት» የሚለውን ግን እዚያው ለፕሮግራመሩ እልከዋለሁ።

የድንጋዩን ነገር ተዉት። እሱ ስህተት አይደለም፣ አስበው ያደረጉት ንግድ ነው። የሰዓቱን እህታችን ዘግታዋለች። ስሙ ግን ሸተተኝ። እስቲ ጥያቄ፦ የስም ልኩ ስንት ፊደል ነው ይላል? በትክክል ስንት የአማርኛ ፊደል ላይ ነው የሚቆርጠው? በላቲንስ? ወርቅ አታባክኑ፣ በነፃ የሚቀየር ነገር ላይ ሞክሩት።


ምሽግ_ሰሪ፦

«ከ3 እስከ 15» ይላል። የከተማ ስም መቀየር ነፃ ነው፣ ልኩም ያው 15 ነው፤ ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ሌሊቱን ስሞክር አድሬ ነገ እነግርሃለሁ።


የ1999ኙ፦

ልጆች፣ እኔ የስልኩን ጌም አላውቅም። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የሚባለው የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጌም ሲወጣ ጎረምሳ ነበርኩ፤ በፈረንጅ 1999 ነው። ፒያሳ አንዲት ኮምፒውተር ቤት በደቂቃ እየከፈልን፣ መብራት እልም ሲል «ሴቭ አድርገሃል?» እያልን ነው ያደግነው። እና አንድ ታሪክ ልጨምር።

ጌሙን የሠራው ኤንሰምብል ስቱዲዮስ በ2009 መጀመሪያ ተዘጋ። ማን ያስተካክለው? የሚወዱት ተጫዋቾች ራሳቸው ተሰባስበው «ፎርጎተን ኢምፓየርስ» ብለው አዳዲስ ሕዝቦች ጨመሩበት፤ በ2012 መጨረሻ በነፃ ለቀቁት። ሥራው ጥሩ ስለነበር ማይክሮሶፍት አላባረራቸውም፣ በ2013 ይፋዊ ተጨማሪ አደረገው። በ2015 «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ»ን ሲያወጡ ኢትዮጵያውያንን አስገቡ፦ ሾተል የያዘ ተዋጊ፣ የዮዲት ዘመቻ። ወታደሩን ስትነካው በአማርኛ ይመልስልሃል። ያን ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ለብቻዬ ስስቅ ባለቤቴ ምን ነካህ ብላ መጣች።

ሁልጊዜ ግን ይሰማሉ ማለት አይደለም። በ2025 የቻይናን ሦስቱን መንግሥታት ሲያስገቡ፣ ብዙ ተጫዋች «ይህ 3ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ከጌሙ ዘመን ይቀድማል፣ ከደረጃ ውድድሩ ይውጣልን» ብሎ ጮኸ። አልወጡም። ጩኸቱ ትንሽ ስለነበር አይደለም፤ አንዴ ሠርተው ሊሸጡት ስላሉ ነው። መናገር ያለባችሁ ከመሠራቱ በፊት ነው።


አራት_ምዕራፍ፦

ፓራዶክስ የሚባለው ኩባንያ የሚያወጣቸው የስትራቴጂ ጌሞች ሰው ነኝ፣ ልቤም እዚያው ነው የተሰበረው። «ኢምፐሬተር፦ ሮም» ኤፕሪል 2019 ወጣ። ዋናው ቅሬታ ሁሉን ነገር በነጥብ የሚገዙበት አሠራር ነበር፤ ሰው ለማሳመን ነጥብ፣ ሕዝብ ለማዛወር ነጥብ፣ ጠቅ ታደርጋለህ ወዲያው ይሆናል። ተጫዋቹ «ይህን አንሡልን» አለ። አነሡት፣ በዚያው ዓመት። ከዚያም ጌሙን ከሥሩ እያፈረሱ እየሠሩ በፌብሩዋሪ 2021 ሥሪት 2.0ን አወጡ። እውነትም አማረ። ከወራት በኋላ ግን ሥራው ቆመ፤ የወጣው ሰው አልተመለሰማ።

አንድ ኮከብ ለመስጠት የምታስቡ፣ ይህን አስቡት። የጠየቅነውን ሁሉ ሰጡን፤ አብሮን የሚጫወት ሰው ግን አልነበረም። ጋሼ የ1999ኙ ያሉት ጌም ዕድሜው የረዘመው ሰዎቹ እየተቆጡም ከጌሙ ስላልወጡ ነው።


ከዳር_ተመልካች፦

ወንድሜ፣ ኢምፐሬተር የሞተው በሪቪው ነው እንዴ? ሲወጣም ጎደሎ ነበር። ዝም ቢባሉ ኖሮ 2.0ም አይኖርም። እኔ አሁንም አንድ ኮከብን አልጥለውም፤ ኪስ የሚነካ ነገር ላይ ብቻ ይሁን።


ምሽግ_ሰሪ፦

ውጤት። ሌሊቱን በሙሉ ከበር ላይ ሆኜ የከተማዬን ስም ስቀያይር አደርኩ፤ አንድ የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው ያየኝ።

በላቲን 15 ፊደል ሙሉውን ተቀበለ። «አንበሶች»፣ አምስት ፊደል፣ ተቀበለ። «አንበሶቹም» ብዬ ስድስት ሳደርገው «ም»ን ቆርጦ «አንበሶቹ» አለኝ። «ጎንደሬዎች» ብዬ ብሞክር «ጎንደሬዎ»። ከአምስት አያልፍም። የዴይራዋ እህቴ ደግሞ በዓረብኛ ሞከረችው፦ ሰባት ፊደል ይገባል፣ ስምንተኛው ይወድቃል። ምንድን ነው ጉዱ?


ባግ_ለቃሚ፦

ደስ አላችሁኝ! ይህ ከመቶ አንድ ኮከብ ይበልጣል።

ጌሙ የሚቆጥረው ፊደል አይደለም፣ ባይት ነው፤ ማለት ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ትንሽ የማስታወሻ ቦታ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የዓረብኛ 2፣ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 15 ለ3፣ አምስት። 15 ለ2፣ ሰባት ተኩል፤ ግማሽ ፊደል ስለሌለ ሰባት። «የአድዋ» 12 ባይት ነው፣ ክፍት ቦታው አንድ፣ 13። «አ» ስትጨመር 16 ትሆናለች፣ በሩ ላይ ትቀራለች። አንበሶቹ እንዲህ ነው የተበሉት።

ለምን ሌላ ሰው አልጮኸም ትሉ ይሆናል። የቻይናም ፊደል 3 ባይት ነው፤ ግን አንዱ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ትርጉም ስላለው አምስቱ ለስም ይተርፋቸዋል። እኛ ግን «የ» እና «ዎች» ቀጥለን ነው የምንናገር። የሠሪዎቹ ክፋት አይደለም፣ አልታያቸውም። ደግሞ ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ልኩን በባይት ሳይሆን በፊደል መቁጠር። ለጠየቃችሁት ነገር ገንዘብ አያጡም፣ እንዲያውም ስም ለመቀየር 500 ወርቅ ታስገቡላቸዋላችሁ።

(የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በሥሪት 3.0 በፈረንጅ 1999 ነው፤ ከጋሼ ጌም ጋር እኩዮች ናቸው።)


ምሽግ_ሰሪ፦

ገባኝ። ዕሑድ አንድ ኮከቡ ቀርቷል፤ ሦስት ልጆች አኩርፈዋል፣ ይመለሳሉ። የምልከው ይኸው፣ የዲሲ ልጆች ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፦

«ጤና ይስጥልን። የኅብረትና የከተማ ስም እስከ 15 ፊደል ይቀበላል ትላላችሁ። በላቲን 15፣ በዓረብኛ 7፣ በአማርኛ 5 ብቻ ይቀበላል። ለመሞከር፦ የከተማ ስም ላይ ስድስት የአማርኛ ፊደል ጻፉና አስቀምጡ፤ የመጨረሻው ይጠፋል። ማስጠንቀቂያም አይሰጥም፣ የኅብረት ስም ላይ 500 ወርቁ ግን ይቆረጣል። ርዝመቱ በባይት እየተቆጠረ ይመስለናል፤ በፊደል እንዲቆጠር እንጠይቃለን። በአንድሮይድና በአይፎን ሞክረናል፣ ስክሪንሾቶች ተያይዘዋል።»

ስለ ድንጋዩ ቃል አልተነፈስኩም። አንጀቴ እያረረ።


ዴይራ_ላይ_ነኝ፦

«ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ ወርቁ ግን ይቆረጣል» የሚለውን ወደ መጀመሪያው መስመር አምጣው። ከፋይ ነኝ፣ እሱ ነው የሚያሳፍራቸው።


ከዳር_ተመልካች፦

ያልኩት ይኸው! ኪስ።


ምሽግ_ሰሪ፦

አመጣሁት። ማክሰኞ ላክነው። መጀመሪያ የማሽን መልስ ነው የመጣው፣ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን»። ሐሙስ ሌሊት ግን ሰው ጻፈ፦ የጌሙ ሥሪት ቁጥር ስንት ነው፣ የአጫዋች መለያችሁን ላኩ አለ። አሁን ከ43 ሰው መለያ እየለቀምኩ ነው፤ ግማሹ የት እንደሚገኝ አያውቀውም።


ባግ_ለቃሚ፦

ቅንብር ውስጥ ከታች። ሥሪቱን ከጠየቁ ሊሞክሩት ነው። እስኪስተካከል ድረስ ግን «የአድዋ» ተብላችሁ አትክረሙ። «አድዋ 1888» በሉት፤ ዘጠኝ፣ አንድ፣ አራት፣ 14 ባይት። አንድ ይተርፋችኋል።


ምሽግ_ሰሪ፦

500 ወርቅ ማን ያበድረኛል?