የመጀመሪያ ኮንዶሚኒየሜን ከማከራየቴ በፊት ምን ልወቅ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝቼ ለማከራየት በዝግጅት ላይ ነኝ። ደላላው የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ እንድቀበል፣ ውሉንም በየዓመቱ እንዳድስ መክሮኛል። ይህ ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም፤ ደላላው የነገረዎት የቀድሞውን ልማድ ነው። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል (የቤት ኪራይን እንዲቆጣጠር የተሰየመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ዘንድ መመዝገብ ያለበት ሲሆን፣ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪው ደግሞ ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያወጣው መጠን ስለማያልፍ፣ የመነሻውን ዋጋ ሲወስኑ የኪራይ ገቢ ግብሩን፣ የዕድሳት ወጪውንና የባንክ ብድር ካለብዎት ወለዱን አስቀድመው ያስሉ። በእኔ እምነት ጀማሪ አከራይ አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሌላ መልስ፦ በዚህ ላይ፣ ቁልፍ ከማስረከብዎ በፊት የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎቹን ንባብ እንዲሁም ቤቱ ያለበትን ሁኔታ በውሉ አባሪ ላይ አስፍረው ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ቆጣሪዎቹ በእርስዎ ስም ከሆኑ ተከራዩ ሳይከፍል የሄደበት ሒሳብ የሚጠየቀው ከእርስዎ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የጥበቃና የጽዳት መዋጮውንስ ማን ይክፈል?

መልስ፦ እንደ ስምምነታችሁ ነው፤ ብቻ በውሉ ላይ ይጻፍ።