በሁለት ሕንፃዎች መካከል ፋይበር ይሻላል ወይስ መዳብ?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር በሚገኝ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። የአስተዳደር ሕንፃውንና ከእሱ 180 ሜትር ርቆ የሚገኘውን አዲሱን ቤተ መጻሕፍት በኔትወርክ ልናገናኝ አስበናል። አንዱ ዕቃ አቅራቢ ካት 6 የተባለውን የመዳብ ገመድ ዘርግተን መሐል ላይ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ብናስቀምጥ እንደሚበቃ ሲነግረን፣ ሌላው ኦኤም 3 የተባለውን መልቲ ሞድ ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ገመድ)፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲንግል ሞድ የተባለውን የፋይበር ዓይነት እንድንገዛ ይመክራል። በጀታችን ውስን ስለሆነ ልዩነቱን ከነምክንያቱ ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ገመድ ዘርጊ
ጤና ይስጥልኝ። በመዳብ ገመድ ለኤተርኔት የሚፈቀደው ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ነው። መሐል ላይ ስዊች ማስቀመጥ ርቀቱን ቢፈታም፣ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ ለዝናብና ለአቧራ አጋልጦ ሜዳ ላይ መትከል ይሆናል።

እኔን ከርቀቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ መብረቁ ነው። ሁለቱ ሕንፃዎች የየራሳቸው ኧርዝ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) ካላቸው፣ በአቅራቢያው መብረቅ ሲወድቅ በሁለቱ መካከል ከፍተኛ የቮልቴጅ ልዩነት ሊፈጠር ይችላል፤ የሚያገናኛቸውም የቀበራችሁት መዳብ ከሆነ፣ ኃይሉ በእሱ በኩል አልፎ የስዊቹን ፖርቶች፣ አንዳንዴም ከስዊቹ ጋር የተያያዙትን ኮምፒውተሮች ያቃጥላል። የባሕር ዳርን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ይመስለኛል። ፋይበር ግን መስታወት በመሆኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሆኖም አይጥ እንዳይበላው በብረት የተሸፈነው ዓይነት፣ ብረቱ በአግባቡ ከኧርዝ ጋር ካልተያያዘ ያንኑ አደጋ መልሶ ያመጣል፤ ስለዚህ ብረት የሌለበትን መርጣችሁ በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቅበሩት።

መልስ፦ ዘጠኝ ማይክሮን
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ስለ ፋይበሩ ዓይነት ጥቂት ልጨምር። ብርሃን የሚጓዝበት የመስታወቱ እምብርት በኦኤም 3 ስፋቱ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ በሲንግል ሞድ ግን 9 ማይክሮን ገደማ ነው። በሰፊው እምብርት ውስጥ ብርሃኑ ብዙ መንገድ ይዞ ስለሚሄድና ሁሉም እኩል ስለማይደርስ፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የሚያስኬደው ርቀት ያጥራል። በ10 ጊጋቢት በሰከንድ ኦኤም 3 እስከ 300 ሜትር፣ ሌላው የመልቲ ሞድ ደረጃ ኦኤም 4 እስከ 400 ሜትር ሲሄድ፣ የድሮው ኦኤም 1 33 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ሲንግል ሞድ ግን በተለመደው ሞጁል (ስዊቹ ላይ ተሰክቶ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን የሚቀይር ዕቃ) 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ለእናንተ ርቀት ኦኤም 3 በቂ ነው። ያም ሆኖ እኔ ብሆን ሲንግል ሞድ እገዛለሁ፤ ገመዱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከመልቲ ሞድ ይረክሳል፣ ድሮ ዋጋውን ያስወድደው የነበረው የሞጁሉ ልዩነትም ዛሬ ጠቧል። ነገ የበለጠ ፍጥነት ቢያስፈልግ እንደገና ሳትቆፍሩ ሞጁሉን ብቻ ትቀይራላችሁ። ለአንድ መስመር ሁለት ኮር (በገመዱ ውስጥ ያለ የመስታወት ክር) ቢበቃም፣ ቁፋሮው ከገመዱ ይልቅ ስለሚያስወጣ ትርፍ ኮር ያለው ግዙ።

ጣና ዳር
እጅግ አመሰግናለሁ። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሚገጠሙት ኮምፒውተሮችና ካሜራዎችስ?

መልስ፦ ገመድ ዘርጊ
እዚያ መዳቡን አይተዉት። ካሜራው በፒኦኢ (በኔትወርክ ገመድ ኤሌክትሪክ የማድረስ ዘዴ) አማካይነት መረጃውንም ኃይሉንም በአንድ ገመድ ያገኛል፤ መስታወት ይህን አያደርግም። ለኮምፒውተሮቹ ካት 6 ይበቃል፤ 10 ጊጋቢት የምትፈልጉበት መስመር ከ55 ሜትር የሚረዝም ከሆነ ብቻ ከካት 6 የተሻለው ካት 6ኤ ያስፈልጋችኋል።

ጥንቃቄ የሚሻው ግዢው ላይ ነው። በገበያው ካት 6 ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተለበጠ ገመድ አለ። ከንጹሕ መዳብ ይልቅ ኃይል ያባክናል፣ ይሞቃል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል፤ ራቅ ብለው የተሰቀሉ ካሜራዎችም በቂ ኃይል ላያገኙ ይችላሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ከካርቶኑ ጫፍ አንዷን ሽቦ ላጡና በምላጭ ፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ ለሻጩ መልሱለት።