የታካሚዎች ስም ዝርዝር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀቃል፣ ምን ላድርግ?

ካርድ ክፍል፦
ሰላም ናችሁ። ወረዳ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ቴክኒሻን) ነኝ፣ ካርድ ክፍሉም ወርሃዊ ሪፖርቱም ኮምፒውተር ሲበላሽ መጠገኑም በኔ ላይ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

ኤአርቲ ክፍል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ማለት ነው፣ ቀጠሯቸው አልፎ መድኃኒት ሳይወስዱ የቀሩ ሰዎች ዝርዝር በየወሩ ይወጣል፣ ደውሎ ወይ ቤት ድረስ ሄዶ ለመመለስ ማለት ነው፣ ስራው ጥሩ ስራ ነው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ አላላኩ ላይ ነው። ዝርዝሩ በኤክሴል ይሰራና የጤና ጣቢያው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። ስም ከነአያት፣ እድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ መጨረሻ የወሰዱበት ቀን፣ ሁሉም አለበት። ግሩፑ ውስጥ ጥበቃውም አለ፣ ሾፌሩም አለ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስራ ቀይረው የሄዱ ልጆችም አሉ፣ ማንም ያስወጣቸው የለም።

ባለፈው ወር 30 ምናምን ሰው ያለበት ፋይል ተለቀቀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። ነጠላዋን እስከ አይኗ ተከናንባለች፣ ካርድ ክፍል መስኮት አጠገብ ቆማ ወረፋው እስኪያልቅ ጠበቀችና "ስሜን ከዚህ አጥፉልኝ" አለችኝ። ካርድ አልጠየቀችም፣ መድኃኒትም አልጠየቀችም። የባሏ እህት ሰምታ ነው፣ ከማን እንደሰማች አልነገረችኝም። ዝርዝሩን ከሲስተሙ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ይሄን አታውቅም፣ እኔኑ ቆማ ትለምነኛለች።

ሌላው ደግሞ ተመላላሽ ክፍል ያለው ኮምፒውተር አንድ ዩዘርኔም ብቻ ነው ያለው፣ ሁሉም በሱ ይገባል፣ ፓስዎርዱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ማን የማንን ፋይል እንደከፈተ ማወቅ አይቻልም። ለኃላፊያችን ነገርኩት፣ "ሪፖርት ይዘገያል፣ ደግሞ ሁላችንም የጤና ባለሙያ ነን" አለኝ። ሳንጣላ እንዴት ላስረዳው? ለሴትየዋስ ምን ላድርግላት?

ጠቅላላ ሐኪም፦
ወንድሜ ጥሩ አድርገህ ነው ያነሳኸው። እኔም ገጠር ሆስፒታል 4 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ቴሌግራም ባይኖር የማይድኑ ታካሚዎች ነበሩኝ፣ ሌሊት ኤክስሬይ አንስቼ ሪፈራል ሆስፒታል ላለ ስፔሻሊስት ልኬ በ10 ደቂቃ መልስ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ባለሙያውን ክፉ አድርገን አንየው፣ የሚቸኩለው ሰው ለማዳን ነው። ግን አንድ ቀን የላክሁትን ፎቶ መልሼ ሳየው የልጅቷ ሙሉ ስም ፊልሙ ጫፍ ላይ በነጭ ፊደል ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ፊቷን ቆርጬ ነበር ስሟን ግን አላየሁትም። ከዛ ቀን ወዲህ ሳልቆርጥ የላክሁት የለም።

"ሁላችንም ባለሙያ ነን" የሚለው አባባል ግን ስህተት ነው። የአንድን ሰው ፋይል የማየት መብት የሚሰጠው ነጩ ጋዋን አይደለም፣ ያንን ሰው ማከምህ ነው። እኔ ጎረቤቴ ምን እንደታመመች የማየት መብት የለኝም፣ ካርዷ እኔ ክፍል ካልመጣ በቀር። ኃላፊውን በዚህ በኩል አናግረው፣ የራሱ ቤተሰብ ካርድ ግሩፕ ላይ ቢለቀቅ ምን ይሰማው ነበር በለው፣ በትህትና።

ሰርቨር ክፍል፦
እኔ አይቲ ነኝ፣ ቴክኒኩን ልናገር። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ውስጥ የሚላክ ነገር ዋትስአፕ እንደሚያደርገው ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ አይደለም፣ ያ ያለው "ሚስጥራዊ ቻት" በሚባለው ለሁለት ሰው ብቻ በሚሰራው ነው። ደግሞ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ፋይል በራሱ ዳውንሎድ እንዲሆን አድርጎታል፣ አንተ ከግሩፑ ብታጠፋው እንኳ ቀድሞ ሴቭ የተደረገውና ፎርዋርድ የተደረገው እዛው ይቀራል። ያም ሆኖ አሁኑኑ አጥፋው፣ የሚቀንሰው ነገር አለ።

"ሪፖርት ይዘገያል" ላለህ መልሱ ቀላል ነው፦ ሪፖርቱ ስም አይጠይቅም። ዲኤችአይኤስ 2 ላይ (ወርሃዊ ሪፖርት የሚገባበት ሲስተም ነው) ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ስታስገባ የምታስገባው ቁጥር ነው፣ ስንት ሰው ጀመረ ስንት ሰው አቋረጠ። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጀመሪያ ሲሰሩትም ለድምር ቁጥር ነበር። ስም የሚያስፈልገው ለሚደውለው ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አንድ ወይ ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ግሩፑ ላይ ምንም አትልቀቅ፣ ለኬዝ ማናጀሩ፣ ለሚደውለው ሰው ማለት ነው፣ ኤምአርኤኑን (የካርድ ቁጥሩን) ብቻ በወረቀት ስጠው፣ ስምና ስልኩን እዛው ኤአርቲ ክፍል መዝገብ ላይ አውጥቶ ይደውል፣ ወረቀቱ ቢወድቅ የሚያነሳው ሰው ቁጥር ነው የሚያየው።

ቁጥርም ቢሆን ግን ሁሌ ንጹህ አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ትንሽ ቀበሌ ውስጥ "ሴት፣ ከ15 እስከ 19፣ አዲስ፣ 1" ብለህ ግድግዳ ላይ ብትለጥፍ ያቺ 1 ማን እንደሆነች ቀበሌው በሙሉ ያውቃል።

ፓስዎርዱ ላይ፦ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ዩዘር ክፈትለት። ሲስተሙ ማን መቼ ምን ከፈተ የሚለውን ይመዘግባል፣ ሁሉም ሰው በአንድ ስም ከገባ ግን መዝገቡ ዋጋ የለውም። ሲንጋፖር ላይ የሆነውን ልብ በሉ፣ በፈረንጆቹ ጥር 2019 መንግስት ራሱ ያሳወቀው ነው፣ 14,200 ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ስም ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ከውጭ ሰብሮ የገባ ሀከር አልነበረም፣ መዝገቡን በስራው ምክንያት የማየት ፈቃድ በነበረው ሐኪም በኩል የወጣ ነው። ያደገ ሀገር፣ ገንዘብ ያለው ሀገር።

ታዛቢ፦
ይቅርታ ግን መብራት በቀን ሦስቴ በሚጠፋበት፣ ጓንት በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ስለ ፓስዎርድ ማውራት ቅንጦት አይሆንም? ድሮም በወረቀት ጊዜ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ነበር የሚያድረው።

መድኃኒቴን ከሩቅ የማመጣ፦
ታዛቢ ወንድሜ፣ በወረቀት ጊዜ ካርዱን ለማየት ሰው እግሩን ይዞ መምጣት ነበረበት። አሁን አልጋው ላይ ተኝቶ ያየዋል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

እኔ ከቫይረሱ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት በ1999 ነው የጀመርኩት፣ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። በየቀጠሮዬ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ሄጄ ነው የማመጣው፣ ቤቴ አጠገብ ጤና ጣቢያ እያለ። ለምን ብትሉኝ እዛ ካርድ ክፍል የምትሰራዋ ልጅ የእድሬ ሰው ልጅ ናት። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፣ ፈርቼ ነው።

የኔ ልጅ፣ ጠያቂው፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ቀጠሮ አልፎባቸው ጠፉ የምትሏቸው ሰዎች ሁሉ ሰነፍ ሆነው አይደለም፣ አንዳንዱ የጠፋው ስሙ ስለወጣ ነው። እናንተ የጠፉትን ለመፈለግ ዝርዝር ትለቃላችሁ፣ ዝርዝሩ ደግሞ ሌላ ሰው ያጠፋል። ያቺ እህቴ "ስሜን አጥፉልኝ" ስትልህ መድኃኒቱን ልታቆም ነው፣ አንተ አልገባህም እንጂ። ቶሎ ብለህ የዝውውር ወረቀት ይሰራላትና እሷ ወደመረጠችው ቦታ ትሂድ። ስሟን ማጥፋት አትችልም፣ መድኃኒቷ እንዳይቋረጥ ማድረግ ግን ትችላለህ።

ጠበቃ፦
እህታችን የተናገረችው ከማንኛውም አንቀጽ ይበልጣል፣ ቢሆንም ኃላፊው "ህግ የለም" እንዳይል ልጨምር። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 26 የግል ህይወትን ያስከብራል። የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር ማውጣትን ይቀጣል። ከዛ ደግሞ ፓርላማው መጋቢት 26 ቀን 2016 ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ነው ያስቀመጠው፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፣ መረጃ ሲያፈተልክ ያወቀው ተቋም በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ይሄ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ማፈትለክ ነው፣ ስሙ ሌላ አይደለም። ያየኸውን ቀን ጠቅሰህ ለኃላፊው በደብዳቤ ስጠውና ኮፒውን ያዝ፣ በአፍ ብቻ አትተው።

ጠቅላላ ሐኪም፦
በደብዳቤው አልስማማም ማለቴ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ማውራት ይቅደም። ደብዳቤ የቀደመ እንደሆነ ሰውየው ራሱን ለመከላከል ይሄዳል፣ ዝርዝሩም ተረሳ ማለት ነው።

ካርድ ክፍል፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከሰዓት ገብቼ አናገርኩት። ህጉን ከመናገሬ በፊት "ሪፖርቱ ስም አይጠይቅም" የሚለውን አሳየሁት፣ ዲኤችአይኤስ ከፍቼ ፎርሙን አብረን አየነው፣ ዝም ብሎ ቆየና "ታዲያ ለምንድነው የምንልከው?" አለ። ከዛ ራሱ ስልኩን አውጥቶ ከግሩፑ ላይ ፋይሎቹን አጠፋቸው፣ የወጡትን ልጆችም አስወጣቸው። ከዚህ ወር ጀምሮ ኤምአርኤን ብቻ ሆኗል። ደብዳቤውንም ጻፍኩ፣ ፈርሞ ተቀበለኝ። ሴትየዋ የዝውውር ወረቀቷን ወስዳለች፣ ኤአርቲ ክፍሏ ነርስ ራሷ ሄዳ ነው ያገኘቻት፣ መድኃኒቷ አልተቋረጠም ተመስገን።

ፓስዎርዱ ግን እንዳለ ነው። ተመላላሽ ክፍል ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ ሦስት ሰው ይቀያየርበታል፣ እየወጡ እየገቡ መስራት ወረፋውን ያቆመዋል ይላሉ፣ እውነትም ኮምፒውተሩ በጣም ዘገምተኛ ነው። ለጊዜው ፕላስተሩን ብቻ ነው የላጥኩት።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ዝርዝሩ ላይ የነበሩት የቀሩት ሰዎች ስማቸው እንደወጣ አያውቁም። ደውዬ ልንገራቸው?

መድኃኒቴን ከሩቅ የማመጣ፦
እንዳትደውል የኔ ልጅ። ስልኩን ባል ያነሳዋል፣ ልጅ ያነሳዋል። መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ አንድ በአንድ፣ በር ዘግታችሁ፣ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ያልመጣውን ደግሞ ያቺው ነርስ ትሂድለት፣ ጋዋኗን አውልቃ።