የጨዋታ ሊጡ እየተጣበቀ አስቸገረኝ፣ መላ በሉኝ
ሰላም እናቶችና አባቶች። ትምህርት ተዘግቷል፣ ዝናቡም ከቤት አላስወጣ ብሏል። ሁለቱ ልጆቼ (3 እና 5 ዓመት) ኮንዶሚኒየሙን ሊያፈርሱት ነው! የሱቁ መጫወቻ ሊጥ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፦ 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ዘይት። ለቢጫው እርድ፣ ለሮዙ የቀይ ስር ውሃ። ቀለሙ ሲያምር!

ችግሩ በማግስቱ ነው። በፌስታል ጠቅልዬ ባስቀምጠውም ያልበዋል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት ስጨምርበት ደግሞ ይፈረካከሳል። ጨው እርጥበት ስለሚስብ ይሆን? ወይስ እሳት ላይ እያማሰሉ ማብሰል ይሻላል? ሎሚ ጠብ ማድረግስ?

ጨዉን እንዳልቀንስ ቶሎ ይሻግታል ብዬ ፈራሁ። እንዳልተወው ደግሞ ትንሿ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ያን ያህል ጨው ለልጅ ጥሩ አይደለም፣ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቅልም።

ብትውጠው የማያሳስብ፣ ለምሳሌ በበሶና በማር የሚለወስ ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ ልኩን ጭምር ጻፉልኝ። «ከደጅ ጭቃ አምጪላቸው» የምትሉኝ ግን ምንጣፌን አላያችሁትም።