የወፍጮ ሞተር ጥቁር ጭስ፦ የሴራሚክ ቅብና አልኮል ያዋጣል ወይ?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍታ ወፍጮ ሞተር ነው፤ ጭነት ሲበዛበት ጥቁር ጭስ ይተፋል። የፒስተኑን አናት ሴራሚክ ማስቀባትና ናፍታው ላይ አልኮል መጨመር ጭሱን ይቀንሳል ይባላል። መጠኑ ስንት ነው? ዳግም አረቄስ ይሆናል?

መልስ፣ የፓምፕና ኖዝል ባለሙያ
አረቄውን ተወው ወንድሜ። ዳግሙም ቢሆን ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው ታንከሩ ሥር ይዘቅጣል፣ ፓምፑ ይስበዋል። ፕለንጀሩን (ፓምፑ ውስጥ ናፍታውን የሚገፋውን ዘንግ) እና የኖዝሉን (የናፍታ መርጫውን) መርፌ የሚያለሰልሳቸው ናፍታው ራሱ ስለሆነ ይፋቃሉ፣ ይዝጋሉ።

የሚሆነው 99.5 በመቶ የጠራ ኤታኖል (ንጹሕ አልኮል) ነው። እሱም ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ከናፍታው ይለያል፤ ለማርቆስ ሌሊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ 85 ሊትር ናፍታ፣ ሁለቱን እንዲያያይዝ 5 ባዮዲዝል (ከዘይት ወይም ከስብ የሚሠራ ነዳጅ)፣ 10 ኤታኖል። መጀመሪያ ኤታኖሉንና ባዮዲዝሉን አዋህድ፣ ከዚያ ናፍታው ላይ ጨምር። ከድብልቁ ጥቂት በጠርሙስ ቀድተህ ክደነውና ውጭ አሳድረው፤ ጠዋት ከደፈረሰ ወይም መሐሉ ላይ መስመር ከሠራ ታንከር ውስጥ እንዳይገባ።

እሳቱን አደራ! የኤታኖል ተን በ13 ዲግሪ ገደማ እሳት ይይዛል፤ ድብልቁን እንደ ቤንዚን ቁጠረው። ወፍጮ ቤት ውስጥ አይቀላቀልም።

መልስ፣ የሞተር መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር
ቅቡ በብሩሽ የሚቀባ ቀለም አይደለም። በፕላዝማ (እጅግ በጋለ ጋዝ) የሚረጭ ዚርኮኒያ የሚባል ሙቀት ቻይ ሴራሚክ ነው፦ ከሥር 0.1 ሚሊሜትር የኒኬል፣ ክሮምና አሉሚኒየም ማያያዣ፣ ከላይ 0.3 ዚርኮኒያ። የፒስተኑ አናት አስቀድሞ በዚያው 0.4 ካልተላገ ኮምፕሬሽኑ (አየሩ የሚታመቅበት መጠን) ይለወጣል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከዚርኮኒያ እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ ማያያዣው ደካማ ከሆነ ቅቡ ይላጥና ስብርባሪው ሲሊንደሩን ይቧጭራል።

ሁለቱ የሚደጋገፉት እዚህ ላይ ነው፦ ኤታኖል ቶሎ አይቀጣጠልም (ሴቴኑ፣ ማለትም ነዳጅ ቶሎ የመቀጣጠሉ መለኪያ፣ 8 ገደማ ብቻ ነው)፣ የጋለው ቅብ ያግዘዋል። በክብደቱ 35 በመቶው ኦክስጅን ስለሆነም ጥላሸት ይቀንሳል። ሙቀቱ ሲጨምር ግን ዓይን የማያየው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሊበዛ ይችላል። ጭሱ ነጣ ማለት አየሩ ጠራ ማለት አይደለም።

መልስ፣ መካኒክ፣ ቢቸና
ለአንድ ወፍጮ ቅቡ አያዋጣም። ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል፣ ፓምፑ ግን የሚረጨውን አይቀንስም። ጥቁሩ ጭስ በአብዛኛው ይኸው ነው። የአየር ፊልትሮውን ዱቄት አራግፍ፣ ኖዝሉን አስፈትሽ፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ይቀየር። ከዚያ የፓምፑን የሙሉ ጭነት መወሰኛ ብሎን፣ ሞተሩ እህል እየፈጨ፣ ሩብ ሩብ ዙር እየቀነስክ ጭሱ ሲሳሳ አቁም። ጉልበቱ ትንሽ ይወርዳል፣ ስለዚህ የእህል መግቢያውንም አጥበው።