ራዳር ዲቴክተር መኪና ላይ መግጠም፦ የሾፌር መብት ወይስ ከሕግ ማምለጫ?

ረጅም መንገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ላይ ራዳር ዲቴክተር ላስገጥም አስቤ ሁለት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ የዕቃ ጥያቄ ነው፤ የትኛውን ልምረጥ፣ የትስ ቦታ ይገጠም? ሌላው ግን ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት መልስ የሚሻ ነው። ፖሊስ ፍጥነት እየለካ መሆኑን ቀድሞ የሚነግር መሣሪያ መያዝ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? የኔ አቋም ይፈቀድ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪና በራሱ ክብደት ይፈጥናል፤ የፍጥነት ወሰኑ ከ80 ወደ 50 በድንገት የሚወርድባቸው መንገዶችም አሉ። ምልክት ያመለጠው ሾፌር ሁሉ ጥፋተኛ ልብ ያለው አይደለም። የሚቃወም ካለ በግልጽ ይከራከረኝ።

እግረኛዋ፦
እኔ እቃወማለሁ። ምልክቱ ያመለጠህን ቀን መሣሪያው የሚያስታውስህ ፖሊስ ካለ ብቻ ነው። ፖሊስ በሌለበት ቀን መንገድ የሚሻገረውን ሰው ማን ያስታውስሃል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ይደርሳል። ይኸው ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ እንደሚያድግ ይናገራል። በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ደግሞ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲወጣ 4.5 እጥፍ ይሆናል። ልዩነቱ 15 ኪሎ ሜትር ነው። ጋቢና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ምንም አይመስልም፤ ለሚሻገረው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሞገድ፦
እህቴ፣ ስለ ፍጥነት ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንዱንም አልክድም። ክርክሩ ግን ስለ ፍጥነት ሳይሆን ስለ አንድ ሬዲዮ ተቀባይ ነው። መጀመሪያ ሁለት ዕቃዎችን እንለይ። ዲቴክተር በአየር ላይ ያለን ሞገድ ይሰማል፣ በዚያ ያበቃል። ጃመር የሚባለው ግን የፖሊሱን መለኪያ የሚረብሽ ሞገድ ይልካል። የራዳር ጃመር አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም የሌላውን ሥራ ያውካል። ዲቴክተሩ የማንንም ሥራ አያውክም። መንግሥት በሁሉም ሰው መኪና ላይ የሚልከውን ሞገድ ዜጋው መስማት የለበትም የሚባለው በምን ምክንያት ነው? አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በግል መኪና ይፈቅዱታል፤ ከግዛቶቹ መካከል የከለከለችው ቨርጂኒያ ናት፣ ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ ከልክላለች። ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ አልበርታና ሳስካቸዋን ይፈቅዳሉ።

እግረኛዋ፦
የሚከለክሉትንም ጥራ እንጂ። ፈረንሳይ ትከለክላለች፤ በ2012 ደግሞ የካሜራ ቦታ የሚናገሩ መሣሪያዎችንም ከልክላለች። ስዊዘርላንድ ትከለክላለች። ጀርመን ውስጥ እየነዱ መጠቀም ክልክል ነው፤ በስልክ ላይ ያለ የካሜራ ማስጠንቀቂያ እንኳ በዚያው ይገባል። እነዚህ አገሮች ስለ ሬዲዮ ሞገድ ባለማወቅ አይደለም የከለከሉት። ዕቃው የተሠራው ለአንድ ዓላማ ስለሆነ ነው።

የሽቦ ባለሙያ፦
የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ፤ ብዙ ዲቴክተር ገጥሜአለሁ። ክርክሩን ከመቀላቀሌ በፊት ዕቃው የሚችለውንና የማይችለውን ላስረዳ፤ ምክንያቱም ገዢው ግማሹን በተሳሳተ ተስፋ ነው የሚገዛው።

የፖሊስ ራዳር ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይቀየራል፤ ፍጥነቱ የሚሰላው ከዚያ ልዩነት ነው። በ34.7 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ራዳር በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሚመጣበት መኪና የሚያገኘው ልዩነት ወደ 6,400 ኸርዝ ነው። ዲቴክተሩ ይህን ስሌት አይሠራም፤ የሚሰማው ሞገዱ መኖሩን ብቻ ነው። ራዳሩ ውጤት ለማግኘት ሞገዱ ሄዶ መመለስ አለበት፤ ለዲቴክተሩ ግን መሄዱ ብቻ ይበቃዋል። ቀድሞ የሚሰማው ለዚህ ነው፤ በሜዳ መንገድ ላይ ከኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ሊሆን ይችላል።

ባንዶቹ፣ ማለት ራዳር የሚሠራባቸው የድግግሞሽ ክልሎች፣ ሦስት ናቸው። ኤክስ ባንድ 10.525 ጊጋ ኸርዝ ላይ ነው፤ አሁን ፖሊስ ብዙም አይጠቀምበትም። ኬ ባንድ 24 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ነው። ኬኤ ባንድ ከ33.4 እስከ 36 ሲሆን የተለመዱት 33.8፣ 34.7 እና 35.5 ናቸው። ችግሩ ያለው ኬ ላይ ነው። አውቶማቲክ የሱቅ በሮች በዚያ ይሠራሉ፤ የብዙ መኪኖች የጎን ማስጠንቀቂያም፣ ማለት ስፖኪዮ ላይ መብራት የሚያበራው፣ በዚያው ባንድ ይሠራል። ርካሽ ዲቴክተር ጎኑ ያለፈ መኪና ሁሉ ፖሊስ ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ሾፌሩ ይሰለችና ድምፁን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ጌጥ ነው።

ስለዚህ የምትገዛ ከሆነ ሦስት ነገር እይ። ድግግሞሹን በቁጥር ያሳይ፤ 34.7 ሲል ከ24.1 ጋር እኩል አትደነግጥም። የጎን ማስጠንቀቂያ ሞገዶችን የሚያጣራ ይሁን። ጂፒኤስ ይኑረው፤ በየቀኑ የምታልፍበትን የሱቅ በር ቦታ መዝግቦ ዝም እንዲል ያስችላል፣ የፍጥነት ማስጠንቀቂያም ይሰጣል። «እስከዚህ ኪሎ ሜትር ይሰማል» የሚለው የካርቶን ላይ ጽሑፍ ብዙ አያታልልህ፤ ዳገትና መታጠፊያ ሁሉንም ያሳጥረዋል።

የማይችለውን ደግሞ ስማ። ሌዘር ከመጣ ረፍዷል። የሌዘር መለኪያ ጨረር በ300 ሜትር ርቀት ላይ ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ታርጋህ ላይ አነጣጥሮ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይለካል። ዲቴክተሩ ሲጮህ ቁጥሩ ፖሊሱ እጅ ገብቷል። ራዳሩን አጥፍቶ ጠብቆ አንተ ስትደርስ የሚያበራ ፖሊስም አለ፤ ያኔ የሚያድንህ ከፊትህ ሌላ መኪና ሲለካ የተረፈውን ሞገድ ከሰማህ ብቻ ነው። በመንገድ ውስጥ በተቀበረ ሽቦ የሚሠራ ካሜራ ሞገድ ስለማይልክ የሚሰማ ነገር የለም። አማካይ ፍጥነት የሚለኩ ካሜራዎችም እንዲሁ፤ መግቢያና መውጫ ላይ ታርጋ አንብበው ርቀቱን ለፈጀብህ ጊዜ ያካፍላሉ። ወሰኑ 100 በሆነ የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ በ5 ደቂቃ ከወጣህ 120 ነድተሃል፤ ማንም ዲቴክተር አይነግርህም።

ሞገድ፣ አንድ እርማት አለኝ። «ይሰማል፣ በዚያ ያበቃል» ያልከው ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ጥሩዎቹ ዲቴክተሮች ውስጣቸው የራሳቸውን ሞገድ ስለሚፈጥሩ ጥቂቱ ወደ ውጭ ያፈስሳል። ክልከላ ባለባቸው ቦታዎች ፖሊስ ዲቴክተር የሚያገኘው ይህንኑ በሚሰማ መሣሪያ ነው።

ሞገድ፦
እርማቱን ተቀብያለሁ። መብቱ ላይ ያለኝ ሐሳብ ግን አልተለወጠም።

ከባድ መኪና፦
ልጆች፣ እኔ ከባድ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሜሪካ ውስጥ በክፍለ ሀገር መካከል ለሚሠሩ ከ4.5 ቶን በላይ ለሆኑ የንግድ መኪኖች ከ1994 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ ተከልክሏል። እኔ ይህን ክልከላ እደግፈዋለሁ፤ ምክንያቴ ግን እግረኛዋ ከተናገረችው ይለያል። ከፊቴ የሚሄደው ትንሽ መኪና ዲቴክተሩ ሲጮህበት ምን ያደርጋል? ፍሬን ይረግጣል። ከፊቱ መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ ቀይ መብራት የለም፤ እኔ ከኋላው ምን አይቼ ልዘጋጅ? የሱ መኪና በሚቆምበት ርቀት የኔ አይቆምም፣ ጭነት አለብኝ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ነው የሚኬደው፤ ደንግጬ እግሬን እስካነሳ ያ መሬት አልቋል። ትራፊክ ፖሊስን አይቶ በድንገት ፍሬን የሚይዝ ሾፌር ድሮም አለ። ዕቃው ያንን ድንጋጤ ማንም ወዳላየው ቦታ ወሰደው።

ረጅም መንገድ፦
ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ግን ድንጋጤው የሚመጣው ከወሰን በላይ ለሚነዳ ነው። በወሰኑ የሚሄድ ሰው ቢጮህበት ምን ያስረግጠዋል?

ከባድ መኪና፦
ልጄ፣ በወሰኑ የሚሄድ ሰው ታዲያ ዕቃውን ለምን ገዛው?

ሞገድ፦
ለዚህ መልስ አለኝ። ፈረንሳይን ጠቅሳችኋል፤ ያቺው ፈረንሳይ ቋሚ ካሜራ ያለባቸው ብዙ ቦታዎች ላይ ቀድሞ ምልክት ትተክላለች። የካሜራ ቦታ የሚናገሩት ሲከለከሉም የመጡት መሣሪያዎች ትክክለኛውን ቦታ ሳይሆን አደገኛ ክልልን ይጠቁማሉ፤ በአውራ ጎዳና እስከ 4 ኪሎ ሜትር፣ በከተማ 300 ሜትር። ሾፌሩ እየተለካ መሆኑን ማወቁ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ መንግሥት ራሱ አምኗል ማለት ነው። ዓላማው ማቀዝቀዝ ከሆነ ማስጠንቀቂያው ዓላማውን ፈጸመ። ዓላማው ቅጣት መሰብሰብ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ይነገረን።

እግረኛዋ፦
ይህ ጠንካራ ነጥብህ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስልህ። የታወቀ ካሜራ የሚተከለው አደጋ የሚበዛበት መታጠፊያ ወይም ትምህርት ቤት አጠገብ ነው፤ እዚያ ሁሉም እንዲያቀዘቅዝ ይፈለጋል፣ ምልክቱም ለሁሉም ዓይን ነው። ተንቀሳቃሽ ራዳር የተለየ ሥራ አለው፤ የትም ሊሆን ስለሚችል በየትኛውም ቦታ ወሰኑን እንድታከብር ያደርጋል። ዲቴክተር የሚያፈርሰው ይህንን «የትም ሊሆን ይችላል» የሚለውን ነው። አንተ ያለህበት ጥግ ብቻ ንጹሕ መሆኑን ይነግርሃል፤ አንተም ነዳጁን ትረግጣለህ። ካሜራው ጋር ሲደርሱ ፍሬን፣ ካለፉ በኋላ መሮጥ በቋሚ ካሜራዎች ዙሪያ በሰፊው የሚታይ ነገር ነው። ዲቴክተር መንገዱን ሁሉ እንደዚያ ያደርገዋል።

ደግሞስ የሚተርፈው ጊዜ ስንት ነው? 100 ኪሎ ሜትር መንገድ በ100 ፋንታ በ120 ብትነዳ 10 ደቂቃ ታተርፋለህ። መኪናው የሚሸከመው የግጭት ኃይል ግን በ44 በመቶ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው።

የሽቦ ባለሙያ፦
አሁን የኔን አቋም ልናገር። ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ እገጥማለሁ፤ በማይፈቅድበት ቢከፍሉኝም አልገጥምም። ግን ረጅም መንገድ የነገረን ችግር፣ ማለትም ቁልቁለትና ድንገት የሚወርድ ወሰን፣ የዲቴክተር ችግር አይደለም። የፍጥነት ማስጠንቀቂያ ችግር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ወሰኑን አንብቦ ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ ሲስተም ግዴታ አድርጓል። መኪናህ አሮጌ ከሆነ የስልክ ካርታም ይህን ይሠራል። ፖሊስ ኖረ አልኖረ ይጮህልሃል። ከዚህ በኋላም ዲቴክተር የሚፈልግ ሰው፣ ከቁልቁለቱ ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

ረጅም መንገድ፦
ተገቢ ትችት ነው። እኔ ባለሁበት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ስለ መፈቀዱም ከሞገድ ጋር ነኝ። ግን ከጂፒኤስ ጋር ያለውን እመርጥና የፍጥነት ማስጠንቀቂያውን ቀዳሚ አደርገዋለሁ። እግረኛዋን እንዳላሳመንኳት አውቃለሁ። አሁን አገጣጠሙን ንገረኝ።

እግረኛዋ፦
አላሳመንከኝም። ማስጠንቀቂያውን ብቻ ግጠምና ሌላውን ተወው ነው የምለው።

የሽቦ ባለሙያ፦
አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ቦታው የፊት መስታወቱ ላይ፣ ከመሐል ስፖኪዮ በታች ወይም ጎን፣ መንገዱን በቀጥታ የሚያይ ሆኖ ይሁን፤ ወደ ሰማይም ወደ ቦኔትም አያዘንብል። መስታወትህ ሙቀት እንዲመልስ ብረት ነክ ሽፋን ካለው ሞገዱን ያግዳል፤ አንዳንድ መስታወቶች ስፖኪዮ አካባቢ ያልተሸፈነ ክፍት ቦታ ስላላቸው እዚያ ላይ ይቀመጥ። ከጥቁሩ ጠርዝና ከዝናብ ሴንሰሩ ራቅ። ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጠው፤ ኤርባግ ቢፈነዳ ወደ ፊትህ የሚበረው እሱ ነው። ዕይታህን ከጋረደ ደግሞ መፈቀዱ አያድንህም፤ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነገርን የሚገድብ ሌላ ሕግ በብዙ ቦታ አለ።

ሽቦው በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ሊሄድ ይችላል፤ ተንጠልጥሎ ማርሹና መሪው አጠገብ መወዛወዙን ግን አልወደውም። በፊውዝ ሳጥን በኩል ከሆነ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ፊውዝ ፈልግ፤ በቴስተር ቁልፉን አጥፍተህ ለካ፣ ዜሮ ማንበብ አለበት። ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ላይ ካያያዝከው መኪናው ለቀናት ሲቆም ባትሪህን ይጨርሰዋል። የኤርባግን፣ የፍሬንንና የሞተር ኮምፒውተርን ፊውዝ ፈጽሞ አትንካ። ለዲቴክተሩ የራሱ 2 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። ኔጌቲቩን ቀለም በሌለው የቦዲ ብረት ላይ፣ ፋብሪካው ባሰረው ቦሎን እሰር።

ረጅም መንገድ፦
ሽቦውን ከጣሪያው ጨርቅ ሥር አሳልፌ በበሩ ጎን ባለው ምሰሶ ሽፋን ልወርድ አስቤአለሁ። ምሰሶው ላይ የኤርባግ ምልክት አለ።

የሽቦ ባለሙያ፦
እንግዲያው የመጋረጃ ኤርባግ አለው። ሽቦው ከኤርባጉ ኋላ፣ በፋብሪካው ሽቦ ላይ ታስሮ ይውረድ፤ ከፊቱ ካለፈ ሲፈነዳ ይይዘዋል ወይም ሽቦውን እንደ ጅራፍ ይወረውረዋል። የምሰሶውን ሽፋን ነቅለህ የማታውቅ ከሆነ መያዣዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከመጀመርህ በፊት ባትሪውን ንቀል፣ አዲስ መያዣም ገዝተህ አስቀምጥ።